ክትሩ ከማን ማሳ በላይ ይሠራ? የአንድ ቀበሌ ሴፍቲኔት ግምገማ

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር እህል ለማደል ከመሯሯጥ ይልቅ፣ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት እንደሚገጥማቸው ለሚታወቁ ቤተሰቦች አስቀድሞ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሳተፋል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ያለ ሥራ ይደገፋሉ። የምገመግመው እናቴ በምትኖርበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የወሎ ቀበሌ ያየሁትን አሠራር ነው።

ሥራው እውነትም ያኮራል። ዳገቱ ላይ የተሠራው የድንጋይ እርከን ዓይን ይሞላል፤ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራም ሣር አብቅሏል። ክፍያው ቢዘገይም እናቴ አምና በግ ሳትሸጥ ክረምቱን ወጥታለች።

ችግሩ ያለው ከሥራው በፊት ነው። የልማት ሥራው የት የት እንደሚሠራ የሚወስነው የተፋሰስ ዕቅድ ኅብረተሰቡ መክሮበት እንዲጸድቅ ይጠበቃል፤ እኔም በዋርካው ሥር በተጠራው ስብሰባ ተገኝቻለሁ። የጎጡ መሪ ጎርፍ የሚገታ ክትር የሚሠራባቸውን ሦስት ቦታዎች ከወረቀት አነበቡ፤ ሁለቱ ከራሳቸውና ከወንድማቸው ማሳ በላይ ነበሩ። በየክረምቱ የአንዲት ባልቴት ጓሮ የሚበላው ቦረቦር ግን ስሙም አልተነሣ። «ተቃውሞ ያለው?» ሲባል ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ፣ አጠገባቸው የነበረው ጎረቤት የነጠላውን ጫፍ ይዞ አስቀመጣቸው። ጎረቤቱን ክፉ ሰው አልለውም፤ ማዳበሪያ ሲመጣ ስም የሚጠሩት፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚያጽፉት፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን መዝገብ የያዙትም እኚያው የጎጥ መሪ መሆናቸውን ያውቃል። እጅ ማውጣቱ ሁሉም እያየ የሚደረግ በመሆኑ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ተጠቃሚ ከሚመርጠው ግብረ ኃይል የተለየ እንዲሆን የታሰበው በምክንያት ነው። እዚህ አባላቱ ቢለያዩም በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ ማን ማን ዘንድ ይከሰስ?

ለሥራው ከአምስት አራት፣ ለቦታ መረጣው አንድ እሰጣለሁ። ቦታው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ከሚመረጥ፣ ሴቶቹ እየመሩ ዳገቱን በእግር ቢዞሩት ቦረቦሩን ማንም አያልፈውም ነበር።

በነሐሴ ለእናቴ ስደውል፣ ጎርፉ ከባልቴቷ ጓሮ ሦስት እግር ጌሾ ከነሥሩ ይዞ መሄዱን ነገረችኝ።