ያማሃ ዩ ዋን፦ ግድግዳ ተጠግቶ የሚኖር ፒያኖ

ከልጅነቴ ጀምሮ ፒያኖ ያለበት ቤት ስገባ ዓይኔ ከባለቤቱ ቀድሞ ፒያኖው ላይ ያርፋል። አሁን የራሴ ያገለገለ ቋሚ ፒያኖ፣ ያማሃ ዩ ዋን አለኝ። ቁመቱ 121 ሴንቲ ሜትር፣ ቁልፎቹ 88።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ለጃዝ ቆንጆ ነው፤ ለለስላሳ ሙዚቃ ግን ትንሽ ይደምቅብኛል። የመሃለኛው ፔዳል ነፍሴ ነው! ስረግጠው ክሮቹን በሚመቱት መዶሻዎችና በክሮቹ መካከል ስስ ጨርቅ ይገባና ድምፁን ያፍነዋል። ማታ ያለ ሐሳብ እለማመዳለሁ።

አንድ ኖታ በፍጥነት ሲደጋገም ግን ይደክማል። ይህ የአብዛኞቹ ቋሚ ፒያኖዎች ጣጣ ነው። በግራንድ ፒያኖ (ክሮቹ አግድም በተዘረጉበት ትልቁ ፒያኖ) መዶሻው ወደ ላይ መትቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እዚህ ግን ወደ ፊት ስለሚመታ ለመመለስ የስፕሪንግ እገዛ ይፈልጋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ቀለም አይሸውዳችሁ። (እኔንም ልቤን ያጠፋዋል፤ ምን ላድርግ።) ክዳኑን አስከፍታችሁ መዶሻዎቹን እዩ። ክሮቹ ጥልቅ ቦይ ከቆፈሩባቸው ብዙ ተመትተዋል ማለት ነው። የክር መወጠሪያዎቹ ከላሉ ደግሞ ቅኝት አይይዝም፤ እሱን የሚያውቀው ፒያኖ ቃኚ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ይዛችሁ ሂዱ።