ስቶሪኮርፕስ፦ እናቴን ያስወራልኝ አፕ

ዕድሜው የገፋ ወላጅ ያለው ሁሉ ስቶሪኮርፕስ የሚባለውን አፕ ስልኩ ላይ ይጫን። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ሕይወቱን ያወራል፤ አፑ ድምፃቸውን ይቀዳል። ሥራው የተጀመረው ከአፑ በፊት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የመቅጃ ክፍል ነው። ዝነኛ መሆን አያስፈልግም። አፑ ነፃ ነው፤ የራስን ጥያቄ መጻፍም ይቻላል። እኔ በአማርኛ ጻፍኩ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ስልኩን ረከቦቱ ጥግ አስቀመጥኩት። እማዬ "እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ?" አለች። "የመጀመሪያ ደመወዝሽን ምን አደረግሽበት?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ለአያቴ ነጠላ እንደገዛችላት፣ አያቴም ለጥምቀት ብቻ እያለች ሳጥን ውስጥ እንዳኖረችው አወራችኝ። ጥለቱ አረንጓዴ ነበር አለች። እማዬ ይህን ታሪክ እስከዛሬ አንድም ቀን አውርታልኝ አታውቅም!

ስትቀዱ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ሰውዬው ዝም ሲል ደግሞ በሌላ ጥያቄ አትቸኩሉ፤ የእማዬ ነጠላ የመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ቅጂውን ከፈለጋችሁ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማድረግ ትችላላችሁ። እማዬ ደስ ብሏት ፈቅዳለች። ቀጣዩ ተረኛ አባዬ ነው።