ጀልባ ገዝቶ ማከራየት፦ የ14 ወር ሒሳቤ

መጀመሪያ የተመኘሁት ጀልባ ሳይሆን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ነበር። በሕንድ ኬረላና በካሽሚር ስሪናጋር እንዳሉት፣ አልጋም ወጥ ቤትም ያለው፣ ለእንግዳ የሚከራይ። ጊልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ላቆመው አሰብኩ። ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለቅዳሜና እሁድ አይርቅም።

ሐሳቡን ያስጣሉኝ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ በግንቦት መጥተህ እየው» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ውሃው ሸሽቶ ዳርቻው ጭቃ ሆኗል። ሐይቁ የተሠራው ለመብራት ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ይመግባል። በበጋ ውሃው ይወርዳል፣ ክረምት ይሞላል። ዳር ላይ ያሰርኩት ቤት ግማሽ ዓመት ጭቃ ላይ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በጥቅምት 2017 ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዛሁ። ስምንት ሰው ይጭናል፣ ከላይ ሸራ አለው፣ ሞተሩ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው። ከላይፍ ጃኬቶቹ ጋር 480,000 ብር ወጣብኝ። ጀልባ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል ብዬ ነበር።

ሞተሩን ልመስክርለት። ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀልለታል። ልኩን ከጠበቅክለት አያስቸግርም። በ14 ወር ካንዴላ ሁለቴ ቀየርኩ፣ በቃ። ከኋላው የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ግን ሁሌም ተመልከቱ። ከቆመ ማቀዝቀዣው ውሃ አልሳበም ማለት ነው፤ ወዲያው አጥፉት። እኛ ጋ ደለል ሁለቴ ደፍኖታል። አንዴ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከተደበቀ ግንድ ጋር ተጋጭቶ የፕሮፔለሩ አንድ ክንፍ ታጠፈ።

አካሉ ግን አሳዘነኝ። ሻጩ «አዲስ ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። ቀለሙ ሲላጥ የድሮ ስንጥቅ ወጣ። ፋይበር ስትገዙ ቀለም አትዩ፤ ውሃ ላይ አውጡትና አንድ ሰዓት ቆዩበት፣ ከዚያ ወለሉን ዳብሱ። እኔ ሻይ ተጋብዤ ነው የፈረምኩት።

ከሁሉም የከበደኝ ቤንዚን ነው። ማደያ ለጀሪካን ዝም ብሎ አይቀዳም፤ ደብዳቤ ይጠየቃል። ሞተሩን ነቅዬ ተሸክሜ ማደያ አልሄድ! ደብዳቤውን ይዘህም ሰልፉ አለ። ቅዳሜ ቤተሰብ ዳር ቆሞ እየጠበቀ እኛ ጅማ ሰልፍ ላይ የዋልንበት ቀን አለ።

ካፒቴኑን መጀመሪያ እንደ ባጃጅ በቀን ገቢ አስገባ አልኩት። ደንበኛ በሌለበት ቀን ከየት ያምጣ? ተጨቃጨቅን። አሁን የቤንዚን ወጪ ይቀነስና የቀረውን እኩል እንካፈላለን። ከዚያ ወዲህ ጀልባውን ራሱ ያጥባል። በአዘቦት ቀን ለቆሮሶ ዓሣ አጥማጆች ይሠራል፤ ገንዘቡ ግን ያለው በበዓልና በጥር ሠርግ ነው።

የዓረፋ ነገር ታዲያ አይረሳኝም። ያለፈው ዓመት ግንቦት 29 ዋለ። ከጅማም ከአሰንዳቦም ሰው መጣ። ጀልባው ተንሳፏል፣ ቤንዚን ሞልቷል። በመሃል ግን ጭቃ አለ። አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው እንዴት ይሻገረው? ሦስት ወጣቶች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሌላው ፎቶ ተነስቶ ተመለሰ። በማግስቱ የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቼ የሚነቃቀል መረማመጃ አሠራሁ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር።

የእኔ ድርሻ እስካሁን 186,000 ብር ነው። ጥገና 41,000 በልቷል። የተረፈው 145,000፣ ካወጣሁት ሲሦ እንኳ አይሞላም። ድካሜን አልቆጠርኩም።

ለውሃው ቤት ብዬ ቀድሜ ያሠራሁት ጠባብ አልጋ ሳሎናችን ውስጥ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ይተኛበታል። ኪራይ ግን አይከፍልም።