ሬጄክስ 101፦ ከተደራረበ አሬይ ቁጥር ለመልቀም

ሬጄክስ (ጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን ቅርጽ በምልክት ጽፈን የምንፈልግበት ዘዴ) የሚነካካ ሰው ሁሉ ሬጄክስ 101 (regex101.com) የሚባለውን ሳይት ቢይዘው እላለሁ። እኔ ፓተርን (የመፈለጊያውን ቀመር) ስጽፍ ከጎኔ አይጠፋም። ነጻ ነው፣ ተመዝገቡም አይልም። ፓተርኑን ከላይ፣ ጽሑፉን ከሥር ታስገባላችሁ፣ የተገኘው ሁሉ እዚያው በቀለም ይወጣል።

ይሄን እንይ፦

[1, [2, [-3, 4.5]], 16]

አሬይ (በቅንፍ የታቀፈ ዝርዝር) በአሬይ ውስጥ ነው፣ ግን የመጣልን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው፣ የምንፈልገውም ቁጥሮቹን ብቻ። [0-9]+ ብትሉ የ3 መቀነሻ ይቀራል፣ 4.5 ደግሞ ለሁለት ይሰነጠቃል። -?[0-9]+(\.[0-9]+)? ስትሉ አምስቱም ይለቀማሉ።

ለእኔ ትልቁ ነገር በስተቀኝ ያለው ዝርዝር ነው። አራተኛው ማች 4.5 ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ግሩፕ 1 (በፓተርኑ ቅንፍ ውስጥ ያለው ክፍል የያዘው) ብሎ .5 ያሳያል። ይቺን መስመር አትለፏት! ፓይተን ላይ ፋይንድኦልን (የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ የሚመልሰውን ፈንክሽን) በዚሁ ፓተርን ብትጠሩት የሚመልስላችሁ ግሩፑን እንጂ ሙሉ ቁጥሩን ስላልሆነ፣ አራት ባዶ ጽሑፍ (ስትሪንግ) እና አንድ .5 ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ቅንፉን (?:\.[0-9]+)? ስታደርጉት ይስተካከላል።

በስተግራ የፕሮግራም ቋንቋችሁን መምረጥ እንዳትረሱ። ከሬጄክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው ፒሲአርኢ2 ላይ \[([^\[\]]|(?0))*\] ራሱን እየጠራ የተደራረበውን ቅንፍ እስከ መዝጊያው ይከተላል፣ በጣም ደስ ይላል፤ ጃቫስክሪፕት ላይ ወይም በፓይተን መደበኛ ሬጄክስ ግን ኤረር ነው። ፓተርኑ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው ዲበገርም ለፒሲአርኢ ብቻ ነው፣ ይሄ ቅር ይላል።

የግዕዝ ቁጥር ለምትፈልጉ፦ ባክስላሽ ዲ (\d፣ ማንኛውንም አሃዝ የሚፈልገው ምልክት) ፩ን አይዛትም፣ ዩኒኮድ ከአስርዮሽ አሃዞች ጋር አልመደባትማ። [፩-፼]+ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፣ ፒሲአርኢ ላይ ከሆናችሁ የዩ ፍላግን (u፣ የዩኒኮድ ማብሪያውን) አብሩ።

አንድ ነገር ግን ከሬጄክስ አትጠብቁ። ቁጥሩ በየትኛው አሬይ ውስጥ እንደነበረ ከፈለጋችሁ፣ ወይም "ክፍል 4" የሚል ስትሪንግ መሀል ካለ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አፍሶ ነው የሚሰጣችሁ። ጽሑፉ ትክክለኛ ጄሰን (JSON፣ የዳታ አጻጻፍ ስልት) ከሆነ በጄሰን ፓርሰር (ይሄን ስልት በሚያነብ መሣሪያ) አንብቡት፣ ይሄን ሳይቱ አይነግራችሁም።

ሴቭ ስታደርጉ ለጓደኛ የሚላክ ሊንክ ይሰጣል፣ እርዳታ ለመጠየቅ ከዚህ የሚቀል የለም። ሊንኩ የደረሰው ሰው ግን የለጠፋችሁትን ጽሑፍም ያያል፣ ስለዚህ የደንበኛ ስልክ ወይም የሒሳብ ቁጥር ካለበት ቀይራችሁ ለጥፉ።