የቤት ካራኦኬ፦ ባለባትሪ ስፒከር ወይስ ሚክሰር?

ለልደትና ለቤት ጨዋታ ካራኦኬ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ ጎማና እጀታ ያለው፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ አብሮት የሚመጣ ባለባትሪ ስፒከር ነው። ሌላው ትንሽ ሚክሰር (የማይክንና የሙዚቃን ድምፅ የሚያቀላቅል መሣሪያ)፣ ባለገመድ ማይክና ለብቻው የሚገዛ ስፒከር።

ባለባትሪው መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም፤ ግቢ ውስጥ ድንኳን ከተጣለ እየጎተቱ መውጣት ነው። ጣጣው ያለው ብሉቱዙ ላይ ነው። ግጥሙ በቴሌቪዥን እየታየ ሙዚቃው በብሉቱዝ ሲሄድ ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ ስንኙ ቀድሞ ይቀየርና ዘፋኙ ግራ ይጋባል። በ3.5 ሚሊሜትር የኦዲዮ ገመድ ማገናኘት ይህን ይፈታዋል። ገመድ አልባ ማይክ ሲመርጡ በዩኤችኤፍ (UHF በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ) የሚሠራውን ያስቀድሙ።

በሚክሰር ግን የእያንዳንዱን ማይክ ድምፅ፣ ኤኮውንና ሙዚቃውን ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። አጎት ማይኩን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው ሲያንጎራጉሩ መቀነስ፣ ከሩቅ ይዛ ለምታፍር ልጅ መጨመር ነው። ዳይናሚክ የሚባለው የተለመደው ባለገመድ ማይክ ባትሪ አይጠይቅም። ገመዱ ግን እስክስታ የሚመታ ሰው እግር ሥር እንዳይገባ!

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖርና በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ለሚደግስ እኔ ባለባትሪውን እመርጣለሁ። ቤቱ በየሳምንቱ በዘፈን የሚደምቅ ከሆነ ሚክሰሩ ይሻላል፤ አንዱ ዕቃ ቢበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ነው።

የትኛውንም ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ማይክ አብረው ከፍተው ወደ ስፒከሩ ይጠጉ፤ ድምፁ ገና በመካከለኛ ደረጃ ላይ ሳለ የሚያፏጨውን ይተዉት።