የአባ ደብተር፦ የአንድ ካቶሊክ ቁምስና የድሆች አገልግሎት፣ ድሬዳዋ

ድሬ ላይ የሚሰጥ እጅ ሞልቷል፤ ተራ የሚያስይዘው ግን ጥቂት ነው። ይህን አገልግሎት ከሌላው የሚለየው የቆሞሱ፣ ማለትም ቁምስናውን (ሰበካውን) የሚመሩት ካህን የአባ፣ ደብተር ነው።

እደላው በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ፀሐዩ የሚያቃጥልበት ሰው የለም። በረመዳን ሰዓቱ ወደ ከቀኑ 10 ሰዓት ይዞራል፤ ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም። ደብተሩ ላይ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ቁጥርና «ምድጃ አለ/የለም» የሚል ዓምድ አለ። የአገልግሎቱ ብልሃት ያለው በዚህ በመጨረሻው ነው። ምድጃ ላለው ቤት 5 ኪሎ ዱቄት፣ 2 ኪሎ ምስር ክክና 1 ሊትር ዘይት ይሰፈራል። ለሌለው ባቄላ ቢሰጡት ማብሰያው ከሰል ከእህሉ ይወደድበታል፤ ስለዚህ በሶ፣ ዳቦና ቴምር ይይዛል። በሥጋ ደዌ ጣቶቻቸው ለተጎዱ ደግሞ ዘይቱ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ይገለበጥላቸዋል፤ ጠባብ ክዳን አይከፍቱማ። ለነገሩ የካቶሊክ ሚሲዮን ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መንከባከብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ ሙያው እንግዳ አይደለም።

ተራ የማስያዙ ነገርም ከአባ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1617 ፈረንሳይ ሻቲዮን ውስጥ ቆሞስ የነበሩት ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ስለታመመበት አንድ ቤት ሰበኩ። ምእመኑ በአንድ ቀን ምግብ ተሸክሞ ጎረፈ። እሳቸው ግን «ይሄ ሁሉ ይበላሻል፤ ነገ ደግሞ ይራባሉ» ብለው ሰጉና ሴቶቹን በየቀኑ ተራ እንዲገቡ አደራጇቸው። ደንባቸው የሚሰጠውን ሥጋ ሳይቀር ይመጥናል። በሽተኛ ሲጎበኝ መጀመሪያ አስታማሚ ያለው፣ መጨረሻ ብቸኛው ይሁን ይላል፤ ከብቸኛው ጋር ረዘም ብሎ ለመቀመጥ። የዚህ ቁምስና የሐሙስ ከሰዓት ጉብኝትም የሚያበቃው ጠያቂ በሌለው ሰው ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አባ ሌላ ቀጠሮ አይዙም፤ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው። ለጋሹ ለገና እና ለፋሲካ ዱቄት ያራግፋል፤ ጆንያው መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል፤ በድሬ ሙቀት ነቀዝ ለመፍላት ብዙ አይፈጅበትም። እንጨት ርብራብ ላይ ማንሳት፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ማራቅ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት ወጪ የለውም። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ይብሳል። ከየቤቱ የተረፈ የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ተከምሮበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ትንኝ የሚያስተላልፈው የዴንጊ ትኩሳት የተቀሰቀሰበት ከተማ ውስጥ ትኩሳት ላለው ሰው እነዚህን ማደል አደገኛ ነው፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ እሱንም በጤና ባለሙያ እጅ።

ትልቁ ችግር ግን የደብተሩ ቁልፍ ነው። ያለው አባ ኪስ ውስጥ ብቻ! ለስብሰባ ሐረር ከወጡ ረቡዕ ይታጠፋል፤ ሰዉም ጆንያውን አጣጥፎ ይመለሳል። የቅዱስ ቪንሰንት ደንብ ገንዘብ ያዥ እንድትመረጥ ያዘዘው ከሴቶቹ መካከል ነበር። እዚህም እህል የሚሰፍሩት እናቶች ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል፤ ሁለተኛ ቁልፍ ለአንዷ መስጠት ነው የቀረው።

መስጠት ለምትፈልጉ፦ ሹራብና ብርድ ልብስ ለድሬ አይሆንም፣ ተዉት። በሶ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። የቤት ኪራይ መክፈል ካሰባችሁ ብሩ በቀጥታ ለአከራዩ እንዲገባ ተነጋገሩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አትሂዱ፤ አባን ሰው ከቧቸው ደረሰኝ የሚቆርጥላችሁ አታገኙም። የእደላው ዋዜማ ማክሰኞ ከሰዓት ይሻላል፤ የነገው እህል የሚመዘነው ያን ጊዜ ስለሆነ ምን እንደጎደለ ከሚዛኑ ላይ ታያላችሁ።