ዶሜይን የገዛሁበት ድርጅት፦ ምዝገባው ደህና፣ ስም ምርጫው ጉድ

ለህትመት ሥራዬ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽና የኢሜይል አድራሻ የሚሆን ስም፣ የገዛሁበትን ድርጅት ስሙን አልጠራም። ከዓመት በላይ ስለተጠቀምኩበት ግን ያየሁትን ልናገር። ከ5 ነጥብ 3 ሰጥቼዋለሁ።

ምዝገባው ላይ እንከን አላወጣለትም። ከፈልኩ፣ ኢሜይሌን አረጋገጥኩ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ስልኬና አድራሻዬ በይፋ እንዳይታይ የሚሸፍነውም በነፃ ነው።

ነጥብ ያስጣለው ስም አቅራቢው ነው፤ የፈለጋችሁት ስም ሲያዝ ሌላ የሚጠቁማችሁ ማሽን ማለቴ ነው። የሥራዬ ስም «ቀለም» ነበር። ሲጠሩት ደስ ይላል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ጣጣ ነው። «ቀ» በኬ ነው በኪው? ሁለቱንም በዶት ኮም ሞከርኩ፣ ሁለቱም ተይዘዋል። ከዚያ ማሽኑ አማራጭ ያዘንብብኝ ጀመር፤ አንዱ ጭራው ላይ 24 የተለጠፈበት፣ አንዱ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለው፣ አንዱ ደግሞ ገና አንብቤ ሳልጨርሰው የደከመኝ። በነገራችን ላይ አንድ ስም እስከ 63 ፊደል ይፈቀድለታል፣ ማን በስልኩ እንደሚጽፈው እንጃ። እኔም ቸኮልኩና «ቀለም» እና «ህትመት» በሰረዝ የተያያዙበትን ገዛሁ።

ያኔ ጉዱ ጀመረ። ደንበኛ ይደውላል። «ቀለም፣ ሰረዝ፣ ህትመት» እላለሁ። «ሰረዙ ታች ያለው ነው?» አይደለም፣ መሃል ያለው። «በኪው ነው?» በኬ። «ህትመት ላይስ ከኤች ቀጥሎ አይ ነው ኢ?» በመጨረሻ «በቃ በቴሌግራም ላኩልኝ» ብሎ ይዘጋዋል። አንዱማ ሰረዙን ረስቶ ኢሜይሉን ያለ ሰረዝ ስሙን ለያዘው ለማላውቀው ሰው ልኮ ኖሮ፣ መልስ ነፈጋችሁኝ ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈን።

በግዕዝ ፊደል ልመዝግበው ብዬም አስቤ ነበር። ይቻላል። ከጀርባ ግን ኮምፒውተሩ «ኤክስ ኤን» ብሎ ወደሚጀምር የላቲን ኮድ ይቀይረዋል፣ ሊንኩን ኮፒ ስታደርጉ አንዳንዴ የሚወጣላችሁ ያ ዝብርቅርቅ ነው። ተውኩት።

አንዴ የተመዘገበ ስም አይታረምም፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ እንኳ እንደ አዲስ መግዛት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ተጠነቀቅኩ። «ቢራቢሮ ፕሪንት» የሚለውን ይዤ ለሦስት ሰው ደወልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነግሬ በላቲን ጽፋችሁ ላኩልኝ አልኩ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ላኩ። ከዚያ በኋላ ነው ካርዴን ያወጣሁት።

የሰረዙንም መጣል አልቻልኩም፤ እሱ ያለበት 500 ቢዝነስ ካርድ አትሜ በትኛለሁ፣ ብለቀው ደግሞ ሌላ ሰው አንስቶ የደንበኞቼን ኢሜይል ይቀበልበታል። ወደ አዲሱ እንዲያዞር አድርጌ ላድሰው ስል ሁለተኛው ቅሬታዬ መጣ። የእድሳቱ ዋጋ ከመጀመሪያው ዓመት ከእጥፍ በላይ ነው! ስገዛ ከዋጋው ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ክፍያው ገጽ ላይ ሳልጠይቅ ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ተጨማሪ አገልግሎቶችም ነበሩ፤ እነሱን እንኳን በጊዜ አይቼ አነሳኋቸው።

ቢራቢሮንም የመዘገብኩት እዚያው ነው። ስም አቅራቢውን ግን አልነካሁትም።